የወንድሜ አምፖሎች ከአባላት ሱቆች እንዲሰበሰቡ

ለወገን ደራሽ የሱቅ ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት
ጆሃንስበርግ

ቀን፦ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከሟች ወንድሜ ሱቅ ለአባላት የተከፋፈሉት አምፖሎች እንዳይሸጡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

1. እኔ አመልካች በሂልብሮው የምኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ሱቅ የነበረው ታላቅ ወንድሜ አጵሎስ ሀንዲሶ ባለፈው ወር ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ የተሳፈረበት ታክሲ ተገልብጦ ማረፉን ማኅበሩ ያውቃል። አስከሬኑን ወደ ሆሳዕና የሸኘው ማኅበሩ ነው። አባላትም የሱቁን ዕቃ ተከፋፍለው እየሸጡ ገንዘቡ ለእናታችን ለወ/ሮ በቀለች እንዲላክ ተወስኗል። ይህ ሁሉ ከተደረገልን በኋላ የሚከተለውን መጻፌ ያሳፍረኛል።

2. ከተከፋፈለው ዕቃ ውስጥ አምፖሎች አሉበት። የፊዚክስ መምህራችን ስለ አምፖል ደንብ ሲያስተምሩ ከየቤታችን አምፖል እንድናመጣ አዘዙን። ደንቡ አምፖል ለሚበላው ኤሌክትሪክ ተመጣጣኝ ብርሃን እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የማያሟላውን መሸጥ ክልክል ነው። እኔም ሁለት ወሰድኩ፤ አንዱን ቤት ከቀረው የሱቁ ካርቶን፣ ሌላውን ወንድሜ ከማጠናበት ጠረጴዛ በላይ ገዝቶ ከሰቀለልኝ ነቅዬ። አንድ ዓይነት መስለውኝ ነበር። ሲለኩ የካርቶኑ አምፖል ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ብርሃን ግማሹን እንኳ አልሰጠም። ከጠረጴዛዬ በላይ የነበረው ግን አለፈ። መምህሩ «ይህን የገዛልህ ሰው ዕቃ ያውቃል» አሉኝ። ሌላውን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኩ።

3. ወንድሜ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቅዳሜ ሱቅ ሳግዘው በአገሬው ቋንቋ ጎጎ (አያቴ) የምንላቸው አንዲት አዛውንት ደንበኛ «አንተ ልጅ፣ ይሄ መብራትህ የኤሌክትሪክ ካርዴን ይጨርሳል እንጂ መርፌዬን አያሳየኝም!» ይሉት ነበር። እሱም «ጎጎ፣ መነጽርዎን ይቀይሩ» ብሎ ያስቃቸውና ከዚያው ካርቶን ሌላ ይሰጣቸዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ወንድሜ ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለእኔ እንደ እሱ የሆነልኝ ሰው የለም። ግን ለእኔ የመረጠውን ለእሳቸው አልመረጠላቸውም።

4. ስለዚህ አምፖሎቹ ከአባላት ሱቆች በአስቸኳይ እንዲሰበሰቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚቀጡት እኛን ለመርዳት ብለው የተቀበሉት ሰዎች ናቸው። አምፖል ገዝቶ ለሚመልስ ደንበኛም ገንዘቡ ይሰጠው፤ ለእናታችን ከሚላከውም ላይ ይቀነስ። ሳሙናውና ዘይቱ ችግር ስለሌለበት ሽያጩ ቢቀጥል ደስ ይለኛል።

5. አባላት ምክንያቱን ቢጠይቁ እውነቱ ይነገራቸው። ለእናቴ ግን እባክዎ ከማኅበሩ ማንም እንዳይደውልላት። በደወለች ቁጥር «ሰዉ ስለ ልጄ ምን ይላል?» ትለኛለች፤ እኔም እስካሁን የምነግራት ደግ ደጉን ነበር። ገንዘቡ ለምን እንዳነሰ እኔው እነግራታለሁ። እስከ እሁድ ብቻ ይታገሡኝ፤ ከየት እንደምጀምርላት ገና አላወቅሁም።

ይቅርታ በመጠየቅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ማናሴ ሀንዲሶ
(ፊርማ)
የሟች አጵሎስ ሀንዲሶ ወንድም