የዘንድሮው ጋኔን ፊት

ይድረስ ለልጄ ለታፖሽ፣

አምላካችን እናት ዱርጋ ዕድሜና ጤና ትስጥህ፤ ልብም ጨምራ ትስጥህ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ለበዓሏ የምሠራቸው የጭቃ ምስሎች አልደርቅ ብለውኛል። ጉልበቴም ያው ነው።

ለልጆች ያዘጋጀኸው ባለሥዕል መጽሐፍ ደረሰኝ። ምነው ባልደረሰኝ! ዱርጋና የጎሹ ጋኔን ከአንድ ሳህን ጣፋጭ ሲበሉ ሥለሃል። ጋኔኑን ወግታ የገደለችበትን ጦሯን የት አደረስከው? ልጆች እንዳይደነግጡ ነው አሉ። አንተ የጋኔኑን ደረት ደም በቀይ ቀለም እየቀባህልኝ ያደግኸው፣ መቼ ደነገጥህ? ይባስ ብለህ መጀመሪያው ገጽ ላይ «ተረቱን ለነገረችኝ ለእናቴ» ብለሃል። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩህ?

ጎረቤታችን ሚናቲ «ልጅሽ ለንደን ሄዶ የጋኔን አስታራቂ ሽማግሌ ሆነ አሉ» እያለች መንደሩን ታስቅብኛለች። የእህትህ ልጅ ቡልቡሊ ደግሞ ጦሩን በጭቃው ጋኔን ደረት ልሰካ ስል እጄን ይዛ፣ «አያቴ፣ ታርቀው የለም እንዴ? ለምን ትወጊዋለሽ?» ብላ አለቀሰች።

ስለዚህ የዘንድሮውን ጋኔን በአንተ መልክ ሠራሁት፤ ጆሮህን፣ ያን ኩሩ አፍንጫህን፣ ሁሉንም። ሚናቲ አይታ «ቁርጥ ራሱን!» አለች። ዐይን መጨረሻ እንደሚሣል ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲያ የምስል መልክ አይለወጥም። ከዚያ በፊት መጥተህ ተረቱን እንደነገርኩህ ለቡልቡሊ ንገርልኝ። አለዚያ በበዓሉ መዝጊያ፣ እንደ ልማዳችን ከምስሎቹ ሁሉ ጋር፣ ጦር ደረትህ ላይ እንደተሰካ፣ ከበሮ እየተመታ ወንዝ ትጣላለህ፤ እኔም ከሕዝቡ ጋር እልል እላለሁ።

እናታችን በሰላም ታምጣህ። ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

እናትህ ሹሮማ