በክር የታሰረ አበባ

ሰኔ 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ ደመና ነው፤ አልዘነበም። ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ብቻ ነን።

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆችህስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤን ግን አትጠይቀኝ። የእማዬን መርዶ አጎታችን በስልክ እንደነገረህ አውቃለሁ። እኔ በስልክ መናገር ያቃተኝን ልጻፍልህ።

ከቤት ልትሄድ ሰሞን አጥሩ ሥር የተከልካትን ቀይ የሂቢስከስ ተክል መቼም አትረሳትም። እማዬ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዛ ትወጣና አበባዋን በጣቷ ትዳስስ ነበር። ብዙ ሆኖ ስታገኘው «ልጄ ደህና አድሯል» ትላለች። ያነሰ እንደሆነ ደግሞ «ዛሬ ሰንፏል፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሆናል» ብላ ትስቃለች።

አምና ነጭ ተባይ ወረራት። ቅጠሏን በሳሙና ውሃ አጠብኩ፣ የታመመውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፣ አፈሩን ኮትኩቼ ፍግ ጨመርኩ። አልሆነም፤ ከነሥሯ ደረቀች። አንተም ያን ሰሞን ሳትደውል ድምፅህ ጠፍቶ ነበር። ደረቀች ብዬ ለእማዬ ለመንገር ምን አፍ አለኝ?

ልብስ ሰፊዋ ግቢ ያለችውም ሂቢስከስ እማዬ ራሷ ከኛዋ ቆርጣ የሰጠቻት ናት። ከእሷ አበባ እየለመንኩ፣ እማዬ ሳትነሳ በደረቀው ቅርንጫፍ ላይ በክር ማሰር ጀመርኩ። አበባው ውሎ አያድርም፣ ማታ ይጠወልጋል፤ በየጠዋቱ አዲስ አስራለሁ። እሷም እየዳሰሰች «ደህና አድሯል» ትለኛለች።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ነው የነገረችኝ። እማዬ አልጋ ላይ ሳትውል በፊት «ያቺ ልጄ ክሩን አጥብቃ አበባውን ትጎዳዋለች። ላላ አድርጊው በያት፤ እኔ እንዳልኩ ግን እንዳትነግሪያት» ብላት ኖሯል። እሷም እንዳላፍር ብላ ሳትነግረኝ ቆየች። ወንድሜ፣ እማዬ ታውቅ ነበር። እንዳይከፋኝ ብላ ነው በየጠዋቱ ክንዴን ይዛ ትወጣ የነበረው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። አጎታችንም ልብስ ሰፊዋም አይዞህ ብለውሃል። ምግብ እንዳትተው።

ሰኔ 12 ቀን፣ ጠዋት። ደብዳቤውን ሳላሽገው አደርኩ። እንደ ልማዴ ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻሼን አሰርኩ። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆሜ አበባ ለመንኳት፤ ቆርጣ ሰጠችኝ። ወደ ደረቀችው ሄድኩና አሰርኩት። ክሩን ላላ አድርጌ።

እህትህ