ላሚቱን ማን አሳይ አለህ?

ጥቅምት 4
ሱቅ ዋልኩ። የአዲስ አበባ ደንበኞች ቅቤ በጠዋቱ ሚኒባስ ተላከ። ወንድሜ ሊበን ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ነው። «ፈይሩዛ፣ ገጻችን ሞቷል። የቅቤ ፎቶ ብቻ ማን ያያል?» ይለኛል። ቅቤ የምንሸጥ ሰዎች የምን ፎቶ እንለጥፍ? የግመል?

ጥቅምት 8
ጎበሳ ሄድን፣ አዴ ዙቤዳ ቤት። የምሸጠው ቅቤ ሁሉ ከእሳቸው ነው። የራሳቸውን፣ የጎረቤቶቻቸውንም ሰብስበው ይልኩልኛል። ሊበን ለገጹ ቪዲዮ ላንሳ አለ። «ቅቤውን አንሳ» አሉት። ቅቤውን! በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ እኔና አዴ ቤት ውስጥ ስናወራ እሱ ጓሮ ዞረ። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 11
ይሄን ልጅ ምን ላድርገው?
ለጠፈው። ቅቤ የሚባል ነገር የለበትም። ላሚቱ! ጡቷ፣ ስትታለብ፣ አረፋው ሞልቶ ሲፈስ... ከላዩ «ይቺን የመሰለች ላም አርሲ ውስጥ የለችም! ሼር አድርጉ!» ማሻአላህ እንኳ አላለም። እኛ አገር ወተት ከቤት ቤት ሲሄድ ይሸፈናል። ዓይን ይፈራል። ይሄን የማያውቅ አለ? እዚሁ አሰላ ተወልዶ አድጎ!
«ስንት ሺህ ሰው እንዳየው ታውቂያለሽ?» አለኝ ደስ ብሎት።
«እሱ እኮ ነው! ስንት ሺህ ሰው አያት!»
ፊት ለፊቱ ቆሜ ቪዲዮውን አስጠፋሁት።

ጥቅምት 14
ቅቤ አልመጣም። አዴ ዙቤዳ ስልክ አያነሱም። ትዕዛዙ ደግሞ በዚያ ቪዲዮ ምክንያት ይጎርፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው እኔ ነኝ።
ሊበን፣ «ከገበያ ገዝተን እንላክ። ቅቤ ቅቤ ነው» አለ። ክዳኑ ላይ የጎበሳ ብለን ጽፈን? ማንኪያ ወረወርኩበት። ሳትኩት፣ ያናድዳል።

ጥቅምት 16
የጎበሳው ሾፌር መልእክት አመጣ። ላሚቱ ነጥፋለች። ሌላ ቃል የለም።

ጥቅምት 18
ጎበሳ ደርሼ መጣሁ። አዴ ዙቤዳ ግቢ አላሉኝም። በር ላይ ቆመን ተነጋገርን።
«አጥፍተነዋል፣ አዴ። ወላሂ አጥፍተነዋል።»
«ሌላው የወሰደውስ?»
«እሱን... እሱን እኛ አንችልም።»
«ታዲያ ምኑን አጠፋችሁት?»
በሩን ይዘው ቀጠሉ።
«ያ ፈይሩዛ፣ እኔ ቅቤ ሸጥኩልሽ። ላሜን መች ሸጥኩልሽ?»
ዓይን ይሁን መኖ ወይ በሽታ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? እሳቸው ግን ዓይን ነው ብለው አንዴ ቆርጠዋል፣ ቅቤም አይልኩም። መንገዱን ሙሉ በንዴት አለቀስኩ። በሊበን ተናደድኩ፣ በስልኩ፣ በእሳቸውም ጭምር። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ሠርተን በር ላይ ያቆሙኛል?

ጥቅምት 21
ገጹን ከሊበን ተቀበልኩ። ራሴ ጻፍኩበት፦ «ቅቤ የለንም። ባለቤቷን ሳናስፈቅድ ላሟን አሳይተን አስቀይመናል። ቪዲዮውን የወሰዳችሁ እባካችሁ አጥፉልን።»
መሳቂያ ሆንኩ። «ላም ታየች ተብሎ? በዚህ ዘመን ዓይን ይፈራል?» ይላል አንዱ። ይሳቅ። ላሚቱ የእሱ አይደለችም። ሊበን ገጹን ገደልሽው ብሎ አኩርፏል። ያኩርፋ!

ጥቅምት 24
ዛሬ አየኋት። ላሚቱን! አንድ የአዳማ ቅቤ ነጋዴ ገጽ ላይ። የእኛን ስም ቆርጦ ጥሎ፣ በእሷ የራሱን ቅቤ ይሸጥባታል። ደሜ ፈላ። ጻፍኩለት፦ «ማንን አስፈቅደህ ነው የሰው ላም የምታሳየው? አሁኑኑ አውርድ!»
ወዲያው መለሰ። «እናንተስ አስፈቅዳችሁ ነበር? ራሳችሁ ጽፋችሁታል እኮ።»
ሊበን ስልኩን ከእጄ ወስዶ አነበበው። መልሶ ሰጠኝና ወጣ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ... እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። የምቆጣው ሰው አጣሁ።