ገመዱን አውሻለሁ

የካ፣ መስከረም 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኢታና፤

የአሰብ ሙቀት በርትቶብህ እንዳይሆን እያሰብኩ፣ እንደምን ሰንብተሃል እላለሁ። እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን።

ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜ አባራ፤ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ክረምቱን ሙሉ ከብርድ ልብስ ያልወጣው ታናሻችን ለይኩን፣ ፀሐይዋ በወጣች በሦስተኛው ቀን ተነሣ። አሁን ግድግዳ ይለስናል፣ ሲያወራ አይደክመውም፣ እንቅልፍ የሚባል የለውም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ተናገረ። ሰዓቱን ለጎረቤታችን ለሁሴን ሰጠው። እማዬ «ተመስገን፣ ለልጄም ፀሐይ ወጣለት» ትላለች። አምናም ያልነው ይህንኑ ነበር፤ ለይኩንን ለጥቂት አተረፍነው ያልኩበት ቴሌግራሜ የደረሰህ ከዚያ በሳምንቱ ነው።

መስኮቱ ላይ ጋቢ ብሰቅል፣ እማዬ «ከፀሐይ ደግሞ ምን አጣላሽ?» ብላ አወረደችው። ልብስ አጥር ላይ ማስጣቴም አናዷታል። ትናንት ለይኩን «አስቴር፣ የልብስ ገመዱ የት ሄደ? እንጦጦ ወጥቼ እንጨት አስሬበት ልምጣ» አለኝ። ለእትዬ ታደለች አውሻለሁ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ሄዶ ጠየቃቸው። ተመልሶ ፈገግ ብሎ አልጋዬን አየት አደረገና ወጣ።

ይህን የምጽፍልህ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ነው። ከተቀመጥኩ ቆየሁ፤ መነሣት አልቻልኩም።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ፈቃድ ከሰጡህ ለመስቀል ድረስልን። በአሰብ ሰማይ ደመና ካለፈ ወደ የካ ምራልን።

እህትህ አስቴር