አሥራ ሰባተኛው መላሽ

ሚያዝያ 6 ቀን 2010
ሦስት የጋሪ ጎማ ለጠፍኩ። ከሰዓት የእህቴ ልጅ ሰርክአዲስ ከእንጅባራ መጣች። ቢሮ እየሠራች ቅዳሜና እሑድ ማስተርስ ስትማር ቆይታ አሁን የቀራት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ትምህርቱ የቴክኖሎጂና የፈጠራ ሥራ አመራር ይባላል። ሚስቴ ውብአየሁ ለጎረቤታችን "ፈጠራ ነው የምትማረው" ብትላት፣ "ለፈጠራማ ምን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስኬዳት፣ አጎቷ እያለ!" አለች። ተሰደብኩ ወይስ ተመሰገንኩ?

ጽሑፉ ስለ እኔ የእግር ፍሬን ነው። ሠርቼ ለሠላሳ ጋሪ ገጥሜያለሁ። ጥያቄዋ፦ ባለጋሪዎቹ ወደዱት ወይ? ሠላሳ መጠይቅ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ ያስሞሉልኝ። ቀልድ የለም፣ እሺ? ይሄ ከተበላሸ ዘንድሮ አልመረቅም።"

"እኔ ቀልጄ አውቃለሁ?"

መጠይቆቹን እጄ ላይ እንደገና ቆጠረቻቸው።

ሚያዝያ 9
ባለጋሪውን ይሄይስን ያዝኩት። አነበብኩለት። "በፍሬኑ ጥቅም… በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም።"

"ከማን ጋር?"

"ከፍሬኑ ጋር ነዋ!"

"ጋሽ ደርበው፣ እኔ ከማንም ተጣልቼ አላውቅም።"

ሄደ። ሁለተኛው አበረ ነበር። "አልስማማም" የሚለውን እንደሰማ ፊቱ ጠቆረ።

ሚያዝያ 11
ሁለት ሽማግሌዎች ደጄ ቆሙ። ከአበረ ጋር ሊያስታርቁኝ! ታረቅሁ። ምን አደርጋለሁ?

ሚያዝያ 12
ሠላሳውንም ራሴ ሞላሁት። ሁሉም በጣም ይስማማሉ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሰለቸኝና በይሄይስ ፈረስ ስም ሞላሁ። ስም፦ ዳማ። ዕድሜ፦ ጎልማሳ። ትምህርት፦ የለውም። የሥራ ልምድ፦ አራት ዓመት፣ በመጎተት። አስተያየት፦ "ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚገፋኝ ቀርቷል። ዳገቱ ግን አሁንም ዳገት ነው።"

ብቻዬን ሳቅሁ።

ግንቦት 10
ሰርክአዲስ ደወለች። "ጋሼ፣ አማካሪዬ አሥራ ሰባተኛውን ወደዱት! 'ይህ ሰው ያስባል' አሉ። ሐሙስ ዳንግላ መጥተው ሊያነጋግሩት ነው።"

ፈረሱን ሊያነጋግሩት!

ግንቦት 16
አማካሪዋ ዶክተር ከሰርክአዲስ ጋር መጡ። ይሄይስን "ዳማ ነኝ በል" ልበለው?… የልጅቷን ፊት አየሁና ተውኩት። ወደ ፈረሱ ወሰድኳቸው።

"አቶ ዳማ ይህ ነው።"

ፈረሱን አዩ። እኔን አዩ።

"ሌሎቹስ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሃያ ዘጠኙም?"

"ሃያ ዘጠኙም።"

ሰርክአዲስ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ዶክተሩ ሁለት ሳምንት ሰጧት። "እንደገና፣ ከሰው!" ሲሄዱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር… ሳቅ ይሆን?

ግንቦት 22
ሰርክአዲስ መጠይቁን ትታ በየጋሪው እየተሳፈረች ባለጋሪዎቹን ታነጋግራለች። እኔ አብሬ እንድሄድ፣ አፌን ግን እንድዘጋ ታዝዣለሁ።

ይሄይስ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ ደርበው፣ እንዳይቀየሙኝ… ፍሬኑን ፈታሁት። ጭቃ ሲነካው ጎማውን ነክሶ ይይዛል።"

ዋሸ! "በደጄ ስታልፍ ሁልጊዜ ስትረግጠው አያለሁ!" አልኩት፣ አፌ አመለጠኝ።

"እሱማ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። እርስዎ በር ላይ ስደርስ የረገጥኩ እመስላለሁ።"

ሰርክአዲስ ሁሉንም ጠይቃ ጨረሰች። ከሠላሳው ሃያ አራቱ ፈትተውታል። ሃያ አራት ጎልማሳ፣ በየቀኑ፣ በደጄ ሲያልፍ ባዶ ወለል ሲረግጥ…

ሰኔ 23
ጽሑፏን ያቀረበችበት ቀን። ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጥኩ። "ሠሪው ከራሱ በስተቀር ማንንም አልጠየቀም" ብላ አነበበች። ስሜን አልጠራችም። አንገቴን ደፋሁ። የፈተኗት ግን እሱን ገጽ ደግማ እንድታነብ አደረጓት። አለፈች! እልል ስል አስወጡኝ።

ሰኔ 26
አበረ አዲስ ጋሪ ላሠራ ብሎ መጣ። በፊት ቢሆን ብረቱን መቁረጥ ጀምሬ ነበር። ዛሬ መጋዙን አስቀምጬ በርጩማ ሰጠሁት።

"ሥራው ላይ ምንድን ነው የሚያስቸግርህ?"

ተጠራጠረ። ከዚያ ማውራት ጀመረ… አንድ ሰዓት ሙሉ። ሁለት ጊዜ ልቀልድ ስል ከንፈሬን ነከስኩ። ስለ ፍሬን አንድም ቃል የለም። ዝናብ ሲመጣ ተሳፋሪው ጥሎት ወደ ባጃጅ ይሮጣል። የሚፈልገው ሸራ ነው።

ሸራ መስፋት አልችልበትም። ነገ ልብስ ሰፊዋን ማናለብሽን እጠይቃታለሁ።