ከበሮ መቺውን ይዤው ወጥቻለሁ

ወንድምዬ፣
የቀለም ማስለቀቂያው ያለበት ጣሳ ውስጥ ያለ ጓንት እጅህን እንዳታስገባ። የብረት ወታደሮችህ እዚያ ናቸው። የድሮ ቀለማቸው ለቋል፤ አውጥተህ በሳሙና እጠባቸው። ጓንቱ መስኮቱ ላይ አለልህ።

ከበሮ መቺውን ወታደር ግን እዚያ አትፈልገው።

«ቀለሙ የወፈረውን ሁሉ ዘፍዝፊልኝ» ብለኸኝ ወጣህ። ከሁሉም የወፈረው የእሱ ነበር። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀባው መሆኑን ያወቅኩት ሳወጣው ፊቱን አይቼ ነው። ያኔ የኮቱ ቀይ ቀለም ለቆ ጣቴ ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሌሎቹ ጋር ይደረደራል? ለነገሩ ተወው።

የፊቱ ቀለም ገና አልለቀቀም። አንዱ ዓይኑ ከሌላው ይበልጣል፤ አባባ እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደሳለው ነው። በጨርቅ ጠቅልዬው ወደ ቀለም ሻጩ እየሮጥኩ ነው፤ ይቺን የቀረችውን የሚያቆይልኝ ነገር ካለው ብዬ። ሱቁን ሳይዘጋ ልድረስበት። ስልኬን ትቼዋለሁ፤ አትደውል።

ብትጮህብኝም አልፈርድብህም። ብቻ ይዤው ስመለስ፣ በሞቴ፣ አንተ እንዳትቀባው። አንተ እጅህ ጎበዝ ነው።
ዓይኖቹን እኩል ታደርጋቸዋለህ።