ጠይቅ እንጂ አትናገር

ሰኞ
የባልየውን ዋና ሚና ለብሩክ ሰጡት! ለእኔ ደግሞ ባልን በሚስቱ ላይ የሚያስቀናውን ሴረኛ። የድሮ አሳዛኝ ተውኔት ነው፤ መጨረሻው ላይ ባልየው ንጹሕ ሚስቱን ይገድላል። ሚስቲቱን የምትሠራው ሰላም ናት፣ የብሩክ ፍቅረኛ። እሁድ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል። ሁሉ ነገር ለእሱ። አዎ፣ ቀንቻለሁ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጻፈው?

ማክሰኞ
ልምምዱ አልሆነልኝም። አዘጋጃችን ጋሽ ተፈራ «ይሄ ፖሊስ ነው እንጂ ሴረኛ አይደለም» ብለው አሳቁብኝ። ብሩክም ሳቀ። «ሴረኛ ሰው አይወነጅልም፤ ጠይቅ እንጂ አትናገር» አሉኝ።

ረቡዕ
ከብሩክ ጋር ታክሲ ስንጠብቅ «ሰላም ኮዬ ፈጬ ዘመድ አላት እንዴ?» አልኩት።
«የላትም። ምነው?»
«አይ፣ እንዲያው ነው።»
እኔ በምኖርበት የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከአንድ ሰውዬ ጋር ስትገባ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ውሸት አልተናገርኩም። የብሩክ ፊት ጠቆረ። ደስ አለኝ። ለካ እችላለሁ!

ሐሙስ
ብሩክ ዛሬ ልምምድ ላይ ያስፈራ ነበር። ክንዷን ሲይዛት ሰላም የእውነት ጮኸች። ጋሽ ተፈራ አጨበጨቡ፤ እኔ ቀጣዩን ቃሌን ረሳሁት። ስንወጣ «ሽማግሌዎቹን አስቀርቻለሁ» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። እራት አልበላሁም።

ዓርብ
ሰላም እኔ የምሠራበት ፋብሪካ በር ላይ እያለቀሰች ጠበቀችኝ። ብሩክ «ኮዬ ፈጬ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» ብሏታል። ሰውየው ለካ ደላላ ነው። ሲጋቡ የሚኖሩበት የኪራይ ቤት እያፈላለገች ነበር፤ ለብሩክ ሳትነግረው ቆይታ ድንገት ልታስደስተው። «አንተ ጓደኛው ነህ፤ ማን ነው የነገረው?» አለችኝ።
«እኔ እንጃ» አልኩ። ፈሪ!

ቅዳሜ
ብሩክ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ፦ ደላላውን፣ ጥያቄዬን፣ ቅናቴን። ይመታኛል ብዬ ነበር። የጫማውን ማሰሪያ አሰረና ሽማግሌዎቹን ሊለምን ወጣ። ለሰላም ደውዬ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ስልኩን ዘጋችው።

እሁድ
ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ብሩክ ጠርቶኝ አቃቂ በሰቃ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ማኪያቶውን ማናችንም አልነካነውም። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «መክረን እንመልሳለን፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብለውናል» አሉ። ወጉ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።
ብሩክ ግን ዞር ብሎ አየኝ። «ወጉ ነው ወይስ ሰላም እንቢ ብላ ነው?» አለኝ።
ረቡዕ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ተራው የእሱ ነው።